ኳሷን ነክቻለሁ ማለት አያድንም

የተከበራችሁ የነገሌ ቦረና ነዋሪዎች፤ ከያቤሎና ከሞያሌ፣ ከአዶላና ከሻኪሶ፣ ከፊልቱም ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ አሰልጣኞች፣ ዳኞችና ተጫዋቾች፤ ልጆቻችሁን ሜዳ የምትልኩ እናቶችና አባቶች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእግር ኳስ ጥያቄ ነው። ተከላካዩ ከሩቅ ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ሸርተቴ ይገባል፤ ኳሷንም አጥቂውንም አንድ ላይ ጠርጎ ከመስመር ያወጣል። አጥቂው ቅልጥሙን ይዞ ይንከባለላል። ተከላካዩ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በጣቱ ክብ ሠርቶ «ኳሷን ነው! ኳሷን ነክቻለሁ!» ይላል። ግማሹ ተመልካች ያጨበጭብለታል፣ ግማሹ ዳኛው ላይ ይጮኻል። ይህ ሰው ቀይ ካርድ ይገባዋል?

በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሻይ ብርጭቆ እስኪንኳኳ ድረስ የሚያከራክረን ጥያቄ ነው። የማንቸስተሩ ተከላካይ ሲቀጣ አንድ ዓይነት ሕግ እንጠቅሳለን፤ የአርሰናሉ ሲቀጣ ሌላ። ቅዳሜና እሑድ በሰፈር ውድድር ላይ የራሳችን ልጅ ሲገባ ደግሞ ሕጉ ጨርሶ ይረሳናል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሸርተቴ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በደንብ ሲሠራ ከጨዋታው ውብ ጥበቦች አንዱ ነው። የገባው ሰው ግን ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ኃይል የሰውን እግር አደጋ ላይ ጥሎ ከገባ፣ ኳሷን ቢነካም ባይነካም፣ የተመታው ቢሰበርም ባይሰበርም ቀይ ነው። እኛ በምንጫወትበት ደረቅ ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ አደጋ ከለመለመው ሜዳ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ የቆላ ከተሞቻችን ዳኛ ከለንደኑ ዳኛ ይበልጥ ሊጠነክር ይገባዋል እላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

ከሕጉ እንጀምር። የእግር ኳስ ሕግ 17 አንቀጾች አሉት። ስለ ጥፋት የሚናገረው 12ኛው ነው። ይህ አንቀጽ አንድ ተጫዋች ወደ ተጋጣሚው የሚገባበትን መንገድ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ቸልተኝነት ነው፤ ተጫዋቹ ጥንቃቄ አጉድሏል፤ ቅጣት ምት ይሰጥበታል፣ ካርድ ግን አያይም። ሁለተኛው ግዴለሽነት ነው፤ በሌላው ሰው ላይ የሚመጣውን አደጋ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ገብቷል፤ ቢጫ ይመዘዝበታል። ሦስተኛው ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል የተጠቀመ ወይም የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ የጣለ ነው፤ ይህ ከሜዳ ይወጣል። ከፊት ይምጣ፣ ከጎን ይምጣ፣ ከኋላ ይምጣ፣ በአንድ እግር ይግባ በሁለት፣ ለሕጉ ለውጥ የለውም።

በዚህ መለኪያ ውስጥ የሌሉትን ነገሮች ደግሞ ልብ በሉ። «ኳሷን የነካ ነፃ ነው» የሚል ቃል የለም። «ሆን ብሎ ካልሆነ ይማራል» የሚል የለም። «የተመታው ከተጎዳ ቀይ ነው» የሚልም የለም። እኛ በየሜዳው ጥግ የምንከራከርባቸው ሦስቱም ነገሮች ሕጉ ውስጥ መለኪያ አይደሉም። ዳኛው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የገባበት መንገድ ምን ያህል አደገኛ ነበር?

«የመጨረሻ ሰው» የምንለው ነገር ሌላ መዝገብ ነው። ግልጽ የግብ ዕድል በጥፋት ያበላሸ ተከላካይ ቀይ ሊያይ ይችላል፤ ለዚያ የሚታየው ከግቡ ያለው ርቀት፣ የጨዋታው አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉና የሌሎች ተከላካዮች ብዛትና አቋቋም ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ጥፋት የሠራ ሰው ፍጹም ቅጣት ምቱ ተሰጥቶበት በቢጫ ይታለፋል። ይህ ግን ለቀላል ጥፋት ነው። አደገኛ ሆኖ የገባ ሰው በየትም ክልል ይሁን፣ የመጨረሻም ይሁን የመጀመሪያ፣ ቀይ ነው።

ሕጉን የሚያወጣው በ1886 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ቦርድ ነው። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽኖች አንዳንድ ድምፅ አላቸው፣ ፊፋ አራት ድምፅ አለው፤ አንድ አንቀጽ እንዲለወጥ ከስምንቱ ስድስቱ መስማማት አለባቸው። ቦርዱ በየዓመቱ ይሰበሰባል። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስቦ ሕጉን እንደሚመረምር፣ የጸናውን እንደሚያጸና፣ የጎደለውን ሞልቶ እንደሚያውጅ እኔ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የኳስ ሕግም እንዲሁ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት እየታየ የተሻሻለ ነው። የቀይ ካርድን ታሪክ የማያውቅ ሰው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ድሮ እንዲህ ስላልነበረ ምን እንደሆነ ደግሞ ልናገር።

በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ውስጥ ሲካሄድ ብራዚል ከፖርቱጋል ጋር በሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ተጫወተች። የፖርቱጋሉ ሞራይስ ፔሌን ደጋግሞ መታው። ዳኛው ሞራይስን ከሜዳ አላስወጣውም። በዚያን ጊዜ ተቀያሪ ተጫዋች ስላልተፈቀደ የዓለም አንደኛ የተባለው ልጅ በቀረው ጊዜ እያነከሰ ተጫወተ፤ ብራዚልም ከምድቡ ሳትወጣ ቀረች። ፔሌ ከዚያ በኋላ በዓለም ዋንጫ ዳግም አልጫወትም ብሎ ነበር፤ ደግነቱ ሐሳቡን ለውጦ በ1970 ተመለሰ።

በዚያው ውድድር በእንግሊዝና በአርጀንቲና ጨዋታ ላይ የአርጀንቲናው አምበል ራቲን ውጣ ተባለ፣ አልወጣም አለ። ጀርመናዊው ዳኛ ስፓኒሽ አይችልም፣ ራቲን ጀርመንኛ አይሰማም። የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ይህን ግርግር እያሰላሰለ መኪናውን ሲነዳ የትራፊክ መብራት አየ፤ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ቁም። ካርዶቹ ከዚያ መጡ፤ በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ቀይ ያየው በ1974 የቺሊው ካርሎስ ካሴሊ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ሜዳ በሚሰሙበት እንደ ሞያሌ ባለ ከተማ የዚህ ፈጠራ ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። ዳኛውና ተጫዋቹ ቃል ባይግባቡም ቀለሙ ይናገራል።

ካርዱ ቢመጣም ከኋላ የሚገቡ ተከላካዮች ለብዙ ዓመታት በቸልታ ታልፈዋል። የኔዘርላንድሱን ማርኮ ቫን ባስተንን አስታውሱ። የአውሮፓ ኮከብነትን ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል። ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ ተመታ፣ ደጋግሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የመጨረሻ ጨዋታውን በግንቦት 1993 እ.ኤ.አ. ሲጫወት 28 ዓመቱ ነበር፣ ጫማውን በይፋ የሰቀለው በ30 ዓመቱ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። የዚያ ቁርጭምጭሚት መከራ የተጀመረው በ1986 በአያክስ ሳለ ራሱ ቫን ባስተን በንዴት ወደ ተጋጣሚው በገባ ጊዜ ነው። አደገኛ አገባብ የሚገባበትን ብቻ ሳይሆን የሚገባውንም ይበላል።

በ1998 ቦርዱ ከኋላ የሚመጣና የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል አገባብ ሁሉ በቀይ እንዲቀጣ ደነገገ። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ 22 ቀይ ካርዶች ተመዘዙ። ጋዜጦች ጨዋታው ሞተ ብለው ጮኹ። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ አጥቂዎች ፊታቸውን ወደ ግብ የማዞር ድፍረት አገኙ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ክርክሩ እምብርት እንግባ። ጉዳት የደረሰበት አገባብ ሁሉ ቀይ ነው? ጉዳት ያልደረሰበትስ ሁሉ ይማራል? ሦስት ጨዋታዎችን ላንሳ።

የካቲት 2008 እ.ኤ.አ.፣ በርሚንግሃም ከአርሰናል። ገና በሦስተኛው ደቂቃ ማርቲን ቴይለር ወደ ኤድዋርዶ ገባ፤ ኳሷ አስቀድማ ሄዳለች፣ የቴይለር እግር የኤድዋርዶን ቅልጥም ታች አገኘው፣ አጥንቱም ተሰበረ። ቀይ ተሰጠ። ኤድዋርዶ ወደ ዋናው ቡድን እስኪመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀበት። ቴይለር ክፉ ሰው ነው ያለ ጥቂት ነው፤ ቀይ ካርዱ ስህተት ነው የሚል ክርክርም ብዙ ርቀት አልሄደም።

ኅዳር 2019 እ.ኤ.አ.፣ ኤቨርተን ከቶተንሃም፣ በዚያው ፔሌ በተመታበት ጉዲሰን ፓርክ። ሶን ሁንግ ሚን አንድሬ ጎሜዝን ከኋላ ጠለፈው። ጎሜዝ ሚዛኑን ስቶ ሲወድቅ ከሌላ የቶተንሃም ተጫዋች ጋር ተጋጨ፣ ቁርጭምጭሚቱም ዘግናኝ በሆነ መንገድ ተሰበረ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ አወጣ። የእግሩን መዞር ሲያይ ወደ ቀይ ለወጠው። ሶን ፊቱን ሸፍኖ እያለቀሰ ወጣ። ቶተንሃም ይግባኝ አለ፣ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ቀዩን ሰረዘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሶን ጥፋት ተራ መጥለፍ ነበር፣ ስብራቱ የመጣው ከአወዳደቁ ነው። ዳኛው የቀጣው የሶንን አገባብ ሳይሆን የጎሜዝን ዕድል ነበር።

መስከረም 2021 እ.ኤ.አ.፣ ሊድስ ከሊቨርፑል። ፓስካል ስትራይክ ከኋላ ሸርተቴ ገባ፣ ኳሷን ነካ፣ ተከታዩ እግሩ ግን የወጣቱን ሃርቪ ኤሊየትን ቁርጭምጭሚት ከቦታው አወጣው። ዳኛው መጀመሪያ ጨዋታውን አላቆመም ነበር፤ ኋላ ቀይ ሰጠ። ሊድስ ይግባኝ ቢልም ተቀባይነት አላገኘም። የተጎዳው ኤሊየት ራሱ ጥፋት አልነበረም ብሎ ለስትራይክ ተከራከረለት። ይግባኙን ያየው ኮሚቴ ግን ቅጣቱን አጸና።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሶን ጨዋታ ጉዳት ብቻውን ቀይ እንደማያስከትል ያስተምራል። የስትራይክ ጨዋታ ኳስ መንካትም የተጎጂው ምሕረትም ከቀይ እንደማያድን ያስተምራል። የቴይለር ደግሞ መልካም ስም እንደማያድን። በሦስቱም ውስጥ የሚቀረው ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ አገባቡ ምን ያህል አደገኛ ነበር?

የራሳችንንም እናንሳ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተገናኘች። እዚህ ከተማ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ሰው አይበቃውም ነበር። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ አዳነበት። ከዚያ ወደ ግባችን በመጣች ኳስ ላይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ዘለለ፤ ከፍ ያለ እግሩም የዛምቢያውን ቺሳምባ ሉንጉን አገኘው። ጀማል ራሱ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ፤ ቀይ ካርድም ተመዘዘበት። በንዴት የነደዱ ደጋፊዎቻችን ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወሩ፣ ጨዋታውም ተስተጓጎለ። ዛምቢያ ከእረፍት በፊት አገባች። በ10 ሰው የቀረው የሰውነት ቢሻው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ።

ልባችን ከጀማል ጋር ነበር። ሉንጉን ሊጎዳ አስቦ ወጣ የሚል ሰው አላውቅም። ሆኖም ያ እግር በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ፍጥነት ሰው ላይ ሲያርፍ ካርዱ ቀይ ነው። መለያው የእኛ ስለሆነ ቀለሙ አይለወጥም። ሌላም ትምህርት አለው። «ቀይ ካርድ ጨዋታ ይገድላል» ለሚሉት፣ በ10 ሰው የተጫወትነው የዚያ ቀን አጋማሽ እስከ ዛሬ በኩራት የምናወራው ነው።

አሁን ወደ ሜዳችን እንምጣ፤ ዋናው ነገሬ እዚህ ነው።

ሸርተቴ የተወለደው በእርጥብ ሣር ላይ ነው። ሣሩ ውኃ ከያዘ የተከላካዩ ጭንና ዳሌ መሬቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ እግሩ መሬት ለመሬት ተዘርግቶ ኳሷ ጋ ይደርሳል። የእንግሊዙ ቦቢ ሙር በ1970 በጓዳላሃራ በሙሉ ፍጥነት ይመጣ የነበረውን ጃይርዚንሆን የቀማበት ሸርተቴ እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ይታያል። ሙር ጊዜውን ጠበቀ፣ እግሩን ዝቅ አደረገ፣ ኳሷን ወስዶ ተነስቶ መጫወቱን ቀጠለ። አጥቂው አልተነካም። ሸርተቴ ይህ ነው።

የእኛ ሜዳ ምንድን ነው? ቀይ አፈር፣ ጠጠር፣ አልፎ አልፎ የግራር እሾህ። ደጋው አገር በክረምት በጭቃ ሲንቦጫረቅ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቻችን የክረምት ውድድር የሚጫወቱበት ወቅት እዚህ ደረቅ ነው። የእኛ ዝናብ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ገና በሚባለው ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ሐገያ በሚባለው ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ኳስ የምንጫወተው መሬቱ እንደ ጡብ በጠነከረበት ጊዜ ነው።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚንሸራተት ሰው የለም። አፈሩ ይይዘዋል፣ ጭኑን ይልጠዋል። አንድ ሁለቴ የተላጠ ልጅ ከዚያ በኋላ መንሸራተቱን ይተውና መዝለል ይማራል። ከመሬት ተነስቶ በአየር ላይ ሁለት እግሩን አስቀድሞ ይወረወራል። እኛ ይህንንም ሸርተቴ እንለዋለን፤ ነገር ግን ቦቢ ሙር ከሠራው ጋር አንድ አይደለም። መሬት የነካ ሰው በጭኑም በእጁም ራሱን ሊያቆም ይችላል። አየር ላይ ያለ ሰው አቅጣጫም መቀየር፣ ማቆምም አይችልም። ሰውነቱ በተነሳበት ፍጥነት ሄዶ ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው የምት ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን ፊዚክስ የተማራችሁ ታውቃላችሁ።

ጫማውንም እዩ። አንዱ ልጅ ታኬታ አድርጓል፣ ሌላው ሸራ ጫማ፣ የቅልጥም መከላከያ ያለው ጥቂቱ ነው። የታኬታ ጥርስ በሸራ ጫማ ላይ ሲያርፍ ግጭቱ የእኩዮች ግጭት አይደለም። የተመታው ሲወድቅም የሚቀበለው ሣር ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ክንዱ፣ የአንገቱ አጥንት፣ ጭንቅላቱ።

ከተሰበረስ ምን ይሆናል? ለንደን ውስጥ አምቡላንሱ ከሜዳው ጫፍ ቆሟል። ከእኛ ሜዳ የተነሳ ከበድ ያለ ስብራት ግን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ሊኖርበት ይችላል። ከነገሌ ከሆነ በዋደራና በአዶላ፣ ከሞያሌና ከያቤሎ ከሆነ በቡሌ ሆራና በዲላ አድርጎ ሀዋሳ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ለውልቃት እጅ ያላቸው፣ የተከበሩ ወጌሾች አሉን። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ልጆች በአገራችን አሉ። የቅልጥም አጥንት ተሰብሮ በደንብ ቢታከም እንኳ ለመዳን አራት፣ አምስት፣ ስድስት ወር ይወስዳል።

እነዚያን ወራት ማን ይከፍላል? የሰፈር ቡድን ደመወዝ የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም። የመስመር አጥቂው ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ አማካዩ ሸክም ይሸከማል፣ በረኛው ከብት ያጠጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ስንት ቤት ከብቱን ጨርሶ እንደቀረ እናንተ ታውቃላችሁ። ለእንዲህ ያለ ቤት የአንድ ጎልማሳ ሁለት እግር የቀረው ሀብት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተወጋው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም አይረሳም።

ለዚህ ነው ዳኞቻችን ሊጠነክሩ ይገባል ያልኩት። ሕጉ ስለ ተጋጣሚ ደኅንነት ሲናገር የሚያወራው ስለዚያ ሰው፣ በዚያ ሜዳ፣ በዚያ ሰዓት ስላለበት አደጋ ነው። በእርጥብ ሣር ላይ ቢጫ ሊባል የሚችል አገባብ በጠጠር ላይ አጥንት ሊሰብር የሚችል ከሆነ፣ ዳኛው የሚያየው ሜዳ ጠጠሩ ነው። አዲስ ሕግ አያወጣም፤ ያለውን በቆመበት መሬት ላይ ይሠራበታል።

ዳኛ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ መወሰን አለበት፤ እዚህ ቪዲዮ አይቶ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የገባው ሰው ከምን ያህል ርቀትና በምን ፍጥነት መጣ? እግሩ መሬት ላይ ነበር ወይስ ከኳሷ በላይ ተነስቷል? የጫማው ሶል ወደ ሰውየው ዞሯል ወይስ ጎኑ ነው የመጣው? ጉልበቱ ታጥፏል ወይስ እንደ ዘንግ ተገትሯል? ኳሷን በእርግጥ የማግኘት ዕድል ነበረው? ያረፈውስ የተጋጣሚው ሙሉ ክብደት በተጫነበት እግር ላይ ነው? የተተከለ እግር መሸሻ የለውም፤ አጥንት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ዳኛው የተጎጂውን ጩኸትም የደጋፊውንም ጩኸት መስማት አያስፈልገውም።

ተቃውሞዎች አሉ፤ በቅንነት ልመልስላቸው።

«ኳስ የወንድ ጨዋታ ነው፣ መነካካት አለበት» ይባላል። መነካካት አለበት፣ እስማማለሁ። ትከሻ ለትከሻ መጋፋት በሕግ የተፈቀደ ነው። ጥንካሬ ግን ከአቅም በላይ መወርወር አይደለም። የወንድ ነው ለሚለው ደግሞ፣ ሊዲያ ታፈሰ የምትባል ኢትዮጵያዊት በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ሴቶች ልጆቻችንም በዚሁ ጠጠር ላይ እየተጫወቱ ነው።

«ሆን ብሎ አይደለም» ይባላል። አብዛኛው አይደለም፤ ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ ዓይኑ ኳሷ ላይ ብቻ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ገደሉንም እንዲያይ ነው። ሆን ብሎ ከሆነማ ቅጣቱ ከሜዳ ውጪም ይከተለዋል።

«በገዛ ሰፈሩ የሚዳኝ ሰው እንዴት ቀይ ያወጣል? ማታ የት ይገባል?» ይባላል። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ሐቀኛም ነው። ዳኛው የጎረቤቱን ልጅ አስወጥቶ በማግሥቱ በዚያው ቤት ቡና ሊጠራ ነው። ለዚህ መልሱ ዳኛው ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ ነው። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ከጨዋታ በፊት ሁለቱን አምበሎችና አሰልጣኞች ሰብስበው በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንደ ከተማው በሶማሊኛም፣ «በአየር የገባ፣ ሶሉን ያሳየ ይወጣል» ብለው ካስታወቁ ቀይ ካርዱ የዳኛው ብቻ አይሆንም፣ የሁላችንም ውሳኔ ይሆናል። ሽማግሌዎቻችንም ከጨዋታው በኋላ ዳኛውን ሲያዩት እጁን ቢጨብጡት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ አገር የተነሳው ባምላክ ተሰማ በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ነገ ከቦረና የሚወጣ ዳኛም ዛሬ በሰፈር ሜዳ እየተሰደበ ነው።

አሰልጣኞች፤ ለእናንተ የተለየ መልእክት አለኝ። ስፔናዊው ዣቢ አሎንሶ በ2011 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገር፣ በሊቨርፑል ሳለ ታዳጊዎች ችሎታችሁ ምንድን ነው ሲባሉ ሸርተቴና ምት ብለው መመለሳቸው እንደሚገርመው አውስቶ ነበር። ለእርሱ ሸርተቴ ሌላው አማራጭ ሁሉ ሲያልቅ የሚመዘዝ ነገር ነው። በደረቅ ሜዳ ላይ ይህ እጥፍ እውነት ነው። ልጆቻችሁን ቆመው መከላከል አስተምሯቸው፤ አጥቂውን ወደ መስመር መግፋት፣ ማዘግየት፣ ሁለተኛውን ንክኪ ጠብቆ መንጠቅ። ሸርተቴውን መሬቱ በገና ዝናብ ሲለሰልስ አስተምሯቸው፤ ጉልበት አጥፎ፣ እግር ዝቅ አድርጎ፣ ከጎን። ያለ ቅልጥም መከላከያ ማንንም ሜዳ አታስገቡ፤ ይህም በሕጉ ግዴታ ነው፣ በገንዘብ ካልተቻለ ወፍራም ካርቶን ካልሲ ውስጥ ማስገባት ከባዶ ይሻላል።

ተጫዋቾች፤ ተጋጣሚህ መጪው ሳምንት የአንተ ቡድን ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ከተሞች መለያ በየውድድሩ ይቀየራል። ዘግይተህ እንደሆነ ሰውነትህ ያውቀዋል። ዘግይተህ ከሆነ ተወው ይለፍ። አንድ ግብ ቢገባ በሚቀጥለው ጨዋታ ይመለሳል።

ደጋፊዎች፤ «ስበረው!» የሚል ጩኸት ከመስመር ጥግ እሰማለሁ። የሚጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ያለው ሰው ነው። የእናንተን ተከላካይ ዳኛው ሲያስወጣው ጠርሙስ አታንሱ፤ ኔልስፕሩት ላይ የተወረወረው ጠርሙስ ካርዱን አላስቀየረም፤ ግቡን ያገባው አዳነ ነው።

እንግዲህ ከዛሬ የምትወስዱት ይህን ነው። ሸርተቴ ይኑር፤ ንጹሕ ሲሆን አጨብጭቡለት። ከኳሷ በላይ የተነሳ እግር፣ የተገተረ ጉልበት፣ ማቆም የማይቻል ሩጫ ግን ኳሷን ቢያገኝም ቀይ ነው፤ በሦስተኛው ደቂቃም ቀይ ነው፣ በፍጻሜው ጨዋታም ቀይ ነው፣ የከንቲባው ልጅ ቢሆንም ቀይ ነው። የሚቀጥለው ውድድር ከመጀመሩ በፊት እዚህ ያላችሁ አዘጋጆችና ዳኞች ይህን በጽሑፍ አስፍራችሁ፣ ቡድኖቹ ሁሉ እንዲፈርሙበት እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንጀምረው።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ተቃውሞ ያለው አስቀድሞ እጁን ያውጣ።